አሥራ ዘጠነኛው መጠይቅ

ኔሊዳ መጠይቆቹን በሁለት ክምር እየለየች ነበር። በቀኝ «ሊማ ሄጄ መማር እመርጣለሁ» ያሉት፣ በግራ «እዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት» ያሉት። ከዋና ከተማዋ ከሊማ ርቆ በተራራ ላይ ባለው በፑኖ ሆስፒታል ያሉት ስፔሻሊስቶች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ የዓመቱ የትምህርት በጀት ብዙ ድምፅ ወዳገኘው ይሄዳል። ሊማ ካሸነፈ የሚላከው አንድ ሰው ነው፤ ዘንድሮ ተራው ከቀዶ ሐኪሞቹ የአንዱ፣ የአውሬሊዮ ነው።

ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነ። ያልተሞላው የእሷ ብቻ ነበር።

ከግራው ክምር አንዱን ደግማ አነሳችው። ስም የለበትም። ምልክቱ ግን እንደ ቁስል ስፌት በትንሽ ቋጠሮ ያልቃል። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አውሬሊዮ ሁለት ኩባያ ትኩስ ሻይ ይዞ ገባ።

«እሺ ቆጣሪዋ፣ ማን አሸነፈ?»

«ለምን ኢንተርኔት መረጥክ?»

«ምስጢር ነው ተብሎ አልነበር እንዴ?»

«አውሬሊዮ።»

ፈገግታው ጠፋ። «አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

መልሱን ያውቀዋል። በከተማው ያለችው የማደንዘዣ ሐኪም እሷ ብቻ ናት፤ ከሄደች ቀዶ ጥገና ይቆማል። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ሦስት ጋዋኖች ሄደ። ባለቤቶቻቸው ለሁለት ዓመት ብለው ሊማ ሄደው በዚያው ቀሩ። ጋዋኖቹን ለማውረድ የደፈረ የለም።

«እነሱም እመለሳለሁ ብለው ነው የሄዱት» አለ ዓይኗን ተከትሎ። «ባዶውን ተዪው። እኩል ከወጣ እንዳምናው በኢንተርኔት ይሆናል። ከየካቲቱ የካንደላሪያ በዓል በኋላ እንጋባለን።»

«ወይዘሮ ሳቢናስ?»

ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሳቢና ባለፈው ወር እጁ ላይ ሞተች። «የሐሞት ቧንቧ መጠገን የሚችል ሰው ቢያገኛት ትተርፍ ነበር። እኔ አልችልበትም» ብሎ ነበር፣ የታጠበ እጁን መልሶ እየታጠበ። ኔሊዳ ከራስጌዋ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ያ ደግሞ የሚለመደው ሊማ ባለ ቀዶ ክፍል ውስጥ እንጂ በኢንተርኔት አይደለም።

«ሌላ ሳቢና ስትመጣ እኔን ታያለህ» አለች። «ያኔ ትጠላኛለህ።»

«እኔ? አንቺን?»

«አፍ አውጥተህ አትናገረውም። በዝምታ ነው የምትጠላኝ። ዝምታህን አውቀዋለሁ።»

አንዱን ኩባያ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። አልካደም።

«ለምኜሽ አላውቅም፣ ኔሊ» አለ በመጨረሻ። «አሁን ግን እየለመንኩሽ ነው።»

ሻዩን ሳይቀምሰው ወጣ። የእግሩን ድምፅ ኮሪደሩ እስኪያልቅ ሰማችው። በሩ ሊከፈት ይችላል ብላ ትንሽ ጠበቀች።

እስክሪብቶ አንስታ ያልተሞላውን መጠይቋን ወደ ራሷ ሳበች። ሊማ የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ከምልክቱ ጫፍ ላይ እንደ እሱ ቋጠሮ ጨመረች።

አሥር ለዘጠኝ።

ወረቀቶቹን አስተካክላ በስፌት ክር አሰረቻቸው። ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው፣ አሸገችው፣ የዳይሬክተሩ ትሪ ላይ አስቀመጠችው።