አመድ የሌለው ቤት

በርነሩ ጠፋ።

ማክሰኞ ጠዋት ድሬሰር መለሰ የመካነ ሰላምን ክሊኒክ ሲከፍት መስኮቱን ተገንጥሎ አገኘው። መድኃኒቱ አልተነካም። ከአንድ ባላባት ቤት የተወረሰው አሮጌ የላምባ ፍሪጅም እንዳለ ነው። የጠፋው ትናንት ከደሴ በጭነት መኪና የደረሰው አዲሱ በርነር ብቻ ነበር፤ ክሩን ይዞ ከፍሪጁ ሥር የሚነደው የናስ ዕቃ። የድሮው ከተሰነጠቀ ሁለት ወር አልፎታል።

ሐሙስ የኩፍኝ ክትባት ይመጣል። ረሀብ ያፈናቀላቸው ሕፃናት በመጠለያው እየረገፉ ነው። ፍሪጁ ካልቀዘቀዘ ክትባቱ ይበላሻል።

ሃምሳ አለቃ ፈንታው ከፖሊስ ጣቢያ መጣ። እርምጃው የዝሆን፣ ጥያቄው ግን ፈጣን የሆነ ሰው ነው።

«በርነሩ መድረሱን ማን ያውቃል?»

«ከመኪናው ሲወርድ ገበያተኛው ሁሉ ከቦ አይቶታል» አለ መለሰ።

«የክሊኒኩ ቁልፍስ?»

«እኔ ጋ።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ወይዘሮ አልታየች ቤት፤ ተከራይቼ የምኖርበት። እኔን ጠረጠሩኝ እንዴ?»

«ሥራዬ ነው።»

እስከ ከሰዓት በኋላ ሲጠይቅ ውሎ አንድም ፍንጭ አላገኘም። ስለዚህ ወደ ሽማግሌው ወደ አያ አሻግሬ ሄደ። ካድሬዎቹ ሕዝብ ተሰብስቦ ሌባ የሚያወጣበትን አውጫጭ ኋላ ቀር ቢሉትም፣ ሌባ በስብሰባ ሲያዝ ግን ፈንታው አይቶ አያውቅም።

አያ አሻግሬ ሰዉን ሰበሰቡ።

«ነገ እያንዳንዱ አባወራ ከምድጃው አንድ ቁና አመድ ቋጥሮ ይምጣ። አንድ በአንድ ባዶው መጋዘን እየገባ ይድፋ። በርነሩን የወሰደ አመዱ ውስጥ ሸሽጎ ይጣለው። ስለ በርነሩ ማንም አይጠየቅም፤ ቃሌ ነው። እምቢ ብሎ የደበቀ ግን ዘሩ አይባረክ!»

«አሚን!» አለ ሰዉ።

ረቡዕ ጠዋት አመዱ ተደፋ። ክምሩ ሲበረበር በርነሩ ተገኘ። እልልታው ቀለጠ።

ፈንታው ግን በርነሩን አንስቶ ቧንቧውን መዳፉ ላይ አራገፈ። ክምሩ ነጣ ያለ የኩበት አመድ ነው፤ በዚህ ደጋ እንጨት ከየት ይመጣል? ከቧንቧው የወጣው ግን ጥቁር ነው፤ የቀለጠ የመርፌ ብልቃጥ ስብርባሪም አለበት። ይህ ከክሊኒኩ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ የተዛቀ አመድ ነው።

ዓይን ሁሉ ወደ መለሰ ዞረ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለ መለሰ፣ ማተቡን ጨብጦ። የወሎ ልጅ ሲጨንቀው እንዲህ ነው።

«አንተማ አይደለህም» አለ ፈንታው። «ወይዘሮ አልታየች ኩበት ነው የሚያነዱት፤ ምድጃቸው አመድ ሞልቷል። ጉድጓድ የሚጭረው በቤቱ አመድ የሌለው ሰው ነው። ከተማችን ውስጥ በላምባ ምድጃ ብቻ የሚያበስለው ማነው?»

እንዲህ የሚቀናጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከክሊኒኩ ጋር በአጥር የሚዋሰነው ላምባ ነጋዴ፣ ብዙነህ።

ብዙነህ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አያ አሻግሬ ቃል ገብተዋል! ስለ በርነሩ አልጠየቅም!»

«አትጠየቅም። ከወር በፊት ለክሊኒኩ ያስረከብከውን የላምባ በርሜል ግን እንየው።»

መለሰ ረጅም ዘንግ በርሜሉ ውስጥ ከቶ አወጣ። ላይ ላዩን ላምባ ነው፤ ከዚያ በታች እስከ ሥሩ ውኃ።

ፍሪጁ ሳይሠራ በርሜሉን የሚከፍት አልነበረም። አዲሱ በርነር ከተገጠመ ግን ጉዱ ወዲያው ይወጣል። ብዙነህ በርነሩን የሰረቀው ለዚህ ነበር። እርግማኑን ሲሰማ ደግሞ ዕቃውን ቤቱ ማሳደር ፈራ፤ ከጎረቤት አመድ ለመለመንም አልደፈረም።

«እውነተኛው ላምባ የት አለ?» አለ ፈንታው።

«ጓዳዬ። ጠፍቶ እስኪወደድ ብዬ ነው... ይማሩኝ አያ!»

«ለበርነሩ ተምረሃል» አሉ አያ አሻግሬ። «ለላምባው ግን ቃል የገባልህ የለም።»

ብዙነህ ወደ ጣቢያ፣ ላምባው ወደ ክሊኒኩ ሄደ። መለሰ በርነሩን አጥቦ ገጠመ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ጸና። ሐሙስ አመሻሽ ክትባቱ ሲደርስ ፍሪጁ በረዶ ሠርቶ ጠበቀው።

ዓርብ ረፋድ ፈንታው በመጠለያው በኩል አለፈ። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ የሚሰማው የእናቶች ለቅሶ ነበር። ዛሬ የሚጮኹት መርፌ የተወጉ ሕፃናት ናቸው፤ ያውም ባለ በሌለ ጉልበታቸው። እናቶቹ ይስቃሉ። ፈንታው ቆሞ አዳመጠ፤ ጩኸቱ ባያልቅ ወደደ።