የጉሙ ደወል

ይህ ተረት አይደለም። ምናለ ራሱ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው ያወጋኝ።

ኅዳር 1972 ዓ.ም፤ ጠዋት። ከላሊበላ በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ...

ምናለ በቅሎ ጫኝ ነበር። ያን ሰሞን ከመንግሥት የተላከውን የጂኦሎጂ ባለሙያ ደሴን ይመራ ነበር።

"ይህ ተራራ ድሮ እሳት ነበር" አለው ደሴ። "ጫፉ ላይ የረጋው ቀጭን ድንጋይ ሲመቱት ይጮኻል። እሱን አምጣልኝ።"

ምናለ ሰነፍ አልነበረም። ያን ጠዋት ግን ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባና ጫፉ ድረስ መውጣት ታከተው።

ከጫፉ በታች ባለችው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሦስት የድንጋይ ደወሎች በጠፍር ተንጠልጥለዋል። የሁለቱ ድምፅ ከግቢው አያልፍም። ቀጭኑ ግን ሩቅ ይሰማል። የሚመታው ጉም ሲወርድ ነው፤ መንገደኛ ገደል እንዳይገባ ድምፁን ተከትሎ ይመጣል።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። "ነገ ሌላ ጠርቤ እሰቅላለሁ" አለና ምናለ ቀጭኑን ፈታው።

"ከጫፉ ነው?" አለው ደሴ ድንጋዩን ሲቀበለው።

"አዎ ጓድ።"

ደሴ በመዶሻው ነካ አደረገው... ጮኸ። ፈገግ ብሎ በነጭ ቀለም የናሙናውን ቁጥር፣ 17፣ ጻፈበት። ቦርሳው ውስጥ ከቶትም ወደ ገደሉ አፋፍ ለሥራው ሄደ።

ምናለ በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቆት ነበር። "ጉም ከወረደ ደወሉን ብቻ ይመኑ" ብሎታል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ወረደ። የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም።

ምናለ እየተደናበረ ቤተ ክርስቲያኗ ደረሰ። አሮጌው ቄስ፣ አባ ገብረ ሊባኖስ፣ ባዶውን ጠፍር ይዳብሳሉ።

"ልጄ... የጉሙን ደወል ማን ወሰደው?"

ምናለ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ያኔ ደወሉ ጮኸ...

ከገደሉ ወዲያ።

አባ አማተቡ። "ከዚያ ወዲያ እኮ መሬት የለም..."

"ሰማሁ! መጣሁ!" የደሴ ድምፅ ነው።

"ቁም! በእግዜር ቁም!" አሉ አባ።

"ደወሉን እየተከተልኩ ነው!"

እሱን የሚያቆመው አንድ ቃል ነበር፦ "ደወሉ ቦርሳዎ ውስጥ ነው!" ግን አባ አጠገቡ ቆመዋል። ምናለ አፈረ። ቃሉን ዋጠው።

ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ... ከዚያ ጸጥ አለ።

"እኔ አልገፋሁትም" ይላል ዛሬም። "ዝም ነው ያልኩት።" ያቺን ዝምታ ግን እስካሁን አልቻላትም።

በማግስቱ ደሴን ከገደሉ ሥር አነሱት። ቦርሳው እንደተቆለፈ ነበር። ሲከፍቱት ባዶ ነው።

ምናለ ሊናዘዝ ወደ አባ ወጣ።

ሦስቱም ደወሎች በቦታቸው ተሰቅለዋል። ቀጭኑ ላይ 17 ተጽፏል።

በጣቱ ነካው...

ቀለሙ ገና አልደረቀም።