ሣጥኑ ላይ የነበረው ጃኬት

«እጅህን አንሳ!»

አርሴማ ከምሳ ስትመለስ ዘርአብሩክን የብርሃን ማጣሪያዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። በሩን ከፍታ እንደቆመች ስለጮኸችበት፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙ። አማካሪያቸው ዶክተር አለምሰገድም ሰሙ።

ሁለቱ የማስተርስ ተማሪዎች አንድ ላቦራቶሪ ይጋራሉ። የእሷ ጥናት የሌዘርን የሞገድ ርዝመት መለካት ነው። ብርሃኑ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር አልፎ ወደ ማጣሪያው ሣጥን ይገባል። እሷ የማጣሪያውን ብሎን ቀስ እያለች ታዞርና ብርሃኑ ከሁሉ ደምቆ ያለፈበትን ቁጥር ታነባለች። የጠዋቱ ቁጥር ግን ከሰዓት ላይ እየሸሸ አስቸገራት። መመረቋ በዚያ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንተ ነህ የምትነካካብኝ» አለችው።

ዘርአብሩክ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ እሷን አየ። ጃኬቱን ከሣጥኑ ላይ አንስቶ ወጣ። የብርዳማው ጨንቻ ልጅ ነውና በአርባ ምንጭ ሙቀት ጃኬት ይዞ መዞሩ የጓደኞቹ መሳቂያ ነበር። አርሴማም ሣጥኑ ላይ ባገኘችው ቁጥር፣ ይሄ ልጅ ዕቃውን የትም ይጥላል እያለች ወንበር ላይ ታደርገው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን ሠራች። ቁጥሩም ቀጥ አለ። እውነትም እሱ ነበር ብላ ደመደመች። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ግን እንደ ድሮው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላታል፤ ሰላምታው ከስድብ በላይ ያማታል።

አንድ ከሰዓት የክፍል ጓደኛቸው ካሱ ሊያግዛት ገባ። አርሴማ ተነስታ ብቻዋን ስትሆን የምትዘጋውን መጋረጃ ገለጠች። ከወንድ ጋር በጨለመ ክፍል እንዳትቀመጪ የሚለው የእናቷ ቃል ነው፤ ሳታስበው ነው የምታደርገው። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ መሸሽ ጀመረ። የካሱ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ ግን በመስኮቱ ገብታ ሣጥኑ ላይ ተኝታለች።

ነካችው። ሞቋል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ክር ሲሞቅ ማጣሪያው የሚያሳልፈው ሞገድ እንደሚለወጥ ስንቴ አንብባዋለች! ጃኬቱ ትዝ ሲላት ፊቷ እንደ እሳት ነደደ።

በሰው ፊት ያዋረደችውን ሰው ጓዳ ጠርታ ይቅርታ መጠየቅ አልሆነላትም። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዘርአብሩክ ባለበት ዶክተር አለምሰገድ ፊት ቆመች።

«ዶክተር፣ ቁጥሬን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ዘርአብሩክ ሣጥኑን ከፀሐይ እየከለለልኝ ነበር።»

ሰዉ ሲበተን እሷና ዘርአብሩክ ብቻ ቀሩ። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«መጋረጃውን ዝጊው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ከእኔ ጋር ስትሆኚ ነው የምትገልጪው። ዝጊው ብልሽ ምን ብለሽ ትጠረጥሪኝ ነበር?»

«እና ዝም ብለህ ተሰደብክ...»

«ከምትፈሪኝ ብትሰድቢኝ ይሻለኛል።»

በማግስቱ ዘርአብሩክ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ። አርሴማ ተነስታ መጋረጃውን በራሷ እጅ ዘጋችው፤ ወደ እሱ ለመዞር ግን ብዙ ቆየች። ቁጥሩ እስኪመሽ አልተነቃነቀም። ሐምሌ ላይ ተመረቁ። በጥር የዘርአብሩክ ሽማግሌዎች ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወርደው ሴቻ ሰፈር እናቷ ቤት ገቡ፤ እናቷም እሺ አሉ።