በአደራ የመጣ መስታወት

«ተዉልህ ማለት ነው?» አለች ፍዮሪ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች።

ካሣሁን ፈገግ አለ። በሱቁ ግድግዳ ላይ ተቀብቶ የነበረው ቀይ ምልክት የለም። መንገዱ ሊሰፋ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጀምሮ ያ ምልክት ያረፈበት ቤት ባለቤት ሁሉ ዕቃውን እየጫነ ነበር። ፍዮሪ ምልክቱን ስታጣው ሱቁ ከመፍረስ የተረፈ መሰላት። እዚያው ቆማ ለአባቷ ደወለች፤ አባቷም ጌታ ይመስገን አሉ። እኔም ከስፌት መኪናዬ ብድግ ብዬ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ የቤንዚኑ ሽታ መጣ። ካሣሁን እግር ሥር አንድ ጨርቅ ወድቋል፤ በቀለሙ ቀልቷል።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?» አለችው።

«እያየሁት ዝም ካልኩ ተስማማሁበት ማለት ነው። አይፈርስም ብዬ በእምነት አውጃለሁ።»

እልልታዬን መልሼ ዋጥኩት።

እኔ ከሱቁ ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። የእኔ ቤት በማይፈርሰው በኩል ስለሆነ የሁለቱን ፍቅር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቀምጬ፣ ያለ ክፍያ ነው ያየሁት። ካሣሁን ፍሬም ይሠራል፣ መስታወት ይቆርጣል። ፍዮሪ የመጣችው የሟች እናቷን ፎቶ ፍሬም ልታስገባ ነበር። የሱቁ ግድግዳ ሁሉ መስታወት ነውና፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ቆመው ሳለ በአንድ ትልቅ ሞላላ መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ማንም ቀድሞ ዓይኑን አልሰበረም። በማግስቱ ያ መስታወት ላይ «አይሸጥም» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ይሄ ልጅ ነጋዴ አይሆንም ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሁለቱም ጴንጤ ናቸው፣ ታዲያ ምን ቀራቸው ብዬ ነበር፣ እኔ የጊዮርጊሷ። ለካ ጴንጤም ከጴንጤ ይለያል። አባቷ ጋሼ አርአያ የአንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ለእምነታቸው ታስረዋል። ካሣሁን የሚሄደው ደግሞ ያመነ አይደኸይም፣ ያመነ አይታመምም ብለው ወደሚያስተምሩበት አዳራሽ ነው። ጋሼ አርአያ ለልጃቸው ቁርጡን ነግረዋታል። ጌታን ለመኪናና ለቤት የሚፈልግ ሰው አልዳነም፤ ካልዳነ ሰው ጋር ደግሞ ጋብቻ የለም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ፣ ያኔ እናያለን አሏት። እኔ እንኳ ለጊዮርጊስ የምሳለው ስለ ልጄ ፈተናና ስለ ወገቤ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ውስጥ አልገባሁም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ፍዮሪ እኔ ጋ መጥታ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ለመርፌዬ ክር ታስገባልኛለች፣ ዓይኗ ግን ውጭ ነው።

«እትዬ ትርሓስ፣ ባገባው፣ ልጆች ብንወልድ፣ አብረን ብናረጅ እንኳ... ከሞትኩ በኋላ እዚያ ስፈልገው ባጣውስ?»

እንዲህ ያለ ነገር ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«እኔ ደግሞ ባሌን እዚያም እንዳላገኘው ነው ስጋቴ» አልኳት።

አልሳቀችም።

የሚፈርሱት ቤቶች አቧራ በየቀኑ ከታች ወደ እኛ ይጠጋ ጀመር። ጎረቤቱ ሲጭን ካሣሁን አዲስ መስታወት ይቆርጣል። እጁን ግን አየሁት። እንደ ክር ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ልጅ መስመሩ ይንጋደድበት ነበር። ፍዮሪ ዕቃውን እናውጣ ብላ ለመነችው። ካወጣሁ አላመንኩም ማለት ነው፣ ከፈራሁ ደግሞ ለጥፋቱ በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ አላት። ይህን ሲል ጀርባውን ሰጥቷታል። ፊቱን ግን በዙሪያው ባሉት መስታወቶች ሁሉ ውስጥ አየችው። ዓይኖቹን ጨፍኗል።

«ከሁላችንም በላይ የሚፈራው እሱ ነው» አለችኝ ስትመለስ። «መፍራቱን መናገር ነው የተከለከለው።»

በማግስቱ ካሣሁን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ቤቴ ገባ። ሱቁ ጠቦኝ ነው፣ አደራ ይቀመጥልኝ አለ። ምንድን ነው ስለው ተራ መስታወት ነው አለኝ። ግን ለማንም፣ በተለይ ለፍዮሪ እንዳልናገር አስማለኝ። ተራ መስታወት ሲያስምል አይቼ አላውቅም። እሱ ሲወጣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አላደረግሁም አልልም። ያየሁትን ግን ይዤ ዝም አልኩ።

የማፍረሻው ማሽን በማግስቱ ጠዋት መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ አቧራው። መስታወቶቹ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ አንዱ ማንም ሳይነካው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አፍራሾቹ ካሣሁንን የጎረቤቱን ቤት እስክንጨርስ ዕቃህን አውጣ አሉት። እሱ ግን በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ያውጃል። ድምፁ ሰልሏል። ፍዮሪ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባችና መስታወቶቹ መሃል ቆመች። አንተ ካልወጣህ አልወጣም አለችው። እኔ ለጋሼ አርአያ ደወልኩ፤ ከአምስት ኪሎ በታክሲ ደረሱ።

ልጃቸውን እዚያ ውስጥ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ግን አልጮሁም። ጠጋ ብለው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ሊጠይቁት አስበውት የነበረ የሚመስለኝን ነገር ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ሱቅ ቢፈርስ ኢየሱስ ጌታህ ነው ወይስ አይደለም?»

የካሣሁን እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

«የሚፈርሰው በእኔ ጥፋት ነው ጋሼ። አንዱን መስታወት አውጥቻለሁ። ስለ እሱ ማመን አቃተኝ።»

«የትኛውን?» አለች ፍዮሪ።

ካሣሁን አያት፣ በመስታወት ሳይሆን በቀጥታ። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሞላላው መስታወት የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቀርቷል። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እፈራለሁ ጋሼ» አለ ካሣሁን። «ለሱቁ ብቻ አይደለም። ስለፈራሁ ጌታ ጥሎኝ ቢሄድስ? እኔ ከእሱ ሌላ የለኝም።»

ጋሼ አርአያ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ሲያወሩት ሰምቼ የማላውቀውን ነገሩት። እስር ቤት ሳሉ አንድ ቀን ስማቸው ሲጠራ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ሌሎች እስረኞች ደግፈው ነው ያወጧቸው። መዝሙርም ጸሎትም ጠፍቶባቸው ነበር።

«እንደዚያ ሆኜም ጥሎኝ አልሄደም» አሉ። «ስለዚህ ያንን ጫፍ ያዝ።»

ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና የትልቁን መስታወት አንድ ወገን አነሱ። ካሣሁን ቆሞ አያቸው። ከዚያ እያለቀሰ ሌላውን ወገን ያዘ።

በየመስታወቱ ውስጥ ሰማይ ተሸክመን ወደ እኔ ቤት መንገድ ስንሻገር አረፈድን። የመጨረሻውን የያዙት ካሣሁንና ፍዮሪ ናቸው፤ እሱ ወደ ኋላ ይራመዳል፣ እሷ ወደ ፊት፣ መንገዱን ግን አንዳቸውም አያዩም። መንገዱ ዳር ያለ ሰባራ ቱቦ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ተዉ እንጂ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብተው ፍዮሪ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ «አይሸጥም» የሚለው ወረቀት አሁንም እንደተለጠፈ ነው። በጣቷ ጠርዙን አስተካከለችው።

የሱቁ ግድግዳ ሲወድቅ በሬ ላይ ቆመን አየነው። ካሣሁን የፍዮሪን እጅ ጨብጧል፤ እሷም አልለቀቀችውም። ጋሼ አርአያ አይተዋቸው ፊታቸውን ወደ ጊዮርጊስ በኩል አዞሩ።

«አባዬ» አለች፣ የአባቷን ፊት እየፈራች። «ለሽማግሌዎቹ ምን ልትላቸው ነው? ድኗል ወይስ አልዳነም?»

ጋሼ አርአያ ኮታቸውን ከእኔ ተቀበሉ። አቧራውን አራግፈው ለበሱና ቁልፎቹን ሳይቸኩሉ ቆለፉ።

«ዕቃውን አወጣ፣ ጌታውን አልተወም እላቸዋለሁ» አሉ።