ከጥቁሩ ቀለም ሥር

«ብሎን! ዳዶውን ልትፈለፍይው ነው እንዴ? ጣይውና እንገላገል!» አለ ዲናሞ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው።

ሁሉም ሳቁ። ብሎን ግን አልሳቀችም። ብሎን የሚታሰርበት ትንሹ የብረት ዳዶ በላብ ረጥቦ መዳፏ ላይ ተጣብቋል። ብሎን ያሏት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ትንሽ ስለሆነችና የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለ።

በአውቶቡስ ጋራዡ ለጋራ የሚሆን ዕቃ ሲገዛ ሁሌም እንዲህ ነው የሚወሰነው። ሁለት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዳዶ ይዞ ወደ ወደደው ይጥላል። ክርክር የለም፣ ኩርፊያ የለም። ኩርፊያስ አለ፣ ግን ከሻይ ሰዓት አያልፍም። የዛሬው ቅዳሜ ጉዳይ የጂሙ ነበር። ጂም ይሉታል እንጂ ድሮ አሮጌ ጎማ የሚከመርበት ክፍል ነው፦ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ስንጥቅ መስታወት፣ አንድ የሚነሳ ብረት። የግራው ቆርቆሮ «አዲስ ብረት ይገዛ» ነው። የቀኙ «አሮጌው ይቆይ፣ በገንዘቡ ክብደት ብቻ እንጨምርበት»።

ሦስት ለሦስት ሆነዋል። ሰባተኛው ዳዶ የብየዳ ክፍል ነው፤ የብየዳ ክፍል ማለት ደግሞ አባቷ ነበር። ካረፈ አምስት ወሩ። በቦታው ገና ሰው አልተቀጠረም።

«የሱን ድምፅ ልጁ ትስጥ» ያለው ጎማው ነው፤ የጎማ ክፍሉ ግዙፍ ሰውዬ፣ የአባቷ የልብ ወዳጅ። «የኔ ልጅ፣ የአባትሽን ሥራ መቼም አትጥይም። አንድ ወጥ ብረት ነው! ስፌት የለው፣ ብየዳ የለው! ስንቱን ሰው ምዬ አሳምኛለሁ!»

«አዲሱ ደግሞ ጫፉ ይሽከረከራል፣ እጅ አያጣምም» አለ ዲናሞ፣ በስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ እያሳየ። «ይኼኛው እኮ የጭነት መኪና ዘንግ ነው። ስናነሳው ጋቢናው የቀረብን ይመስላል።»

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ እናቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የቁልፍ እስሩን ያዝ ለቀቅ ታደርጋለች።

ውጭ አውቶቡስ አለፈ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ማስቀመጫው ላይ ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ ዚ...ን።

«መጣ» አለ አንዱ ዝቅ ብሎ። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ብረቱን ደፍሮ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ቀለም ቀቢው አንድ ቀን ጠዋት ዘንጉ ላይ በጠመኔ የታተመ መዳፍ አየሁ ብሎ ምሎ ይገዘታል። ብሎን ይህን ስትሰማ «አባዬ ጠመኔ ያስነጥሰው ነበር እኮ» ብላ አሹፋበታለች። አሹፋ ስታበቃ ግን ወደዚያ ክፍል ብቻዋን አልገባችም።

እሷ የምትፈራው መዳፉን አይደለም። የምታውቀውን ነው።

አንድ እሑድ፣ ተረኛ ለነበረው አባቷ ምሳ ልታደርስ መጥታ፣ ብረቱን ለሁለት ተሰብሮ አገኘችው። አባቷ ጭንብሉን አጥልቆ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ በየደው፣ ጉብ ያለውን ብቻ ሞረደለት። ቀለሙን ደራርባ የቀባችው ግን እሷ ናት፤ ያኔ ሕመሙ ጀምሮት ስለነበር እሱ ደክሞት ተቀምጦ ነበር።

«ጠንካራ ብረት ብየዳ አይወድም» አላት። «ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ሌላ ዘንግ እስካገኝ ነው። ስሜን ታውቂያለሽ፤ የኔ ብረት ተሰበረ ከሚባል... ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ የኔ ብሎን?»

ከዚያ ወዲህ ማንም ከአርባ ኪሎ በላይ ሲጭን ካየ ይጮህ ነበር። ሰዎቹ እርጅና ነው ብለው ሳቁበት። ሌላ ዘንግ ሳያገኝ ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም። ብረቱ በጮኸ ቁጥር ብሎን «ለማንም» የሚል ድምፅ ትሰማለች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሳይቀር፤ ሒሳብ ፈተና መሀል እንኳ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላታል።

ዳዶውን ወደ ግራው ቆርቆሮ ጣለችው። ቋ!

«ይቺ ናት ልጅ!» ዲናሞ ጨፈረ።

ደረቷ ቀለል አላት። አለቀ። አዲስ ይገዛል፣ አሮጌው ይጣላል፣ አባቷም ስሙን እንደያዘ ይተኛል። እንዲህ ቀላል መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት ትተኛ ነበር።

ጎማው ግን አንገቱን ደፋ። «የሱ ልጅ ነሽ ወይስ የሻጩ?» አለና በግድ ፈገግ አለ። «እሺ፣ ድምፅ ድምፅ ነው። እንግዲያው አሮጌውን እኔ ቤት እወስደዋለሁ። ልጆቼ ይግፉበት። የወንድሜ እጅ ያረፈበት ብረት ቆርቆሮ ለቃሚ እጅ አይገባም።»

ሄዶ አንዱን ጫፍ ጨበጠ።

የጎማው ትልቁ ልጅ የብሎን የክፍል ጓደኛ ነው። ጉረኛ! ክብደት አታብዛ ቢሉት እልህ ይዞት እጥፍ የሚጭን። ጀርባው ላይ ተኝቶ ብረቱን ከአንገቱ በላይ ሲዘረጋ ታያት።

«ጋሼ፣ አይውሰዱት።»

«ለምን?»

«ከባድ ነው።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ጎማው እንኳ ሳቀ። «ለኔ? ልጄ፣ እኔ የአውቶቡስ ጎማ በብብቴ ይዤ ነው የምሄድ!»

ሌላ ውሸት ፈለገች፤ አንድም አልመጣላትም። እሷ! ለመምህሯ በየሳምንቱ አዲስ ሰበብ የምትፈጥረው! ዞር ብላ ሮጠች። ወደ ብየዳ ክፍል ገብታ ከግድግዳው ላይ የሽቦ ብሩሽ አንስታ ተመለሰች፤ ዘንጉ አጠገብ ተንበርክካ መፈግፈግ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች እናቷ። ጥቁሩ ቀለም እየተላጠ ጉልበቷ ላይ ረገፈ። መጀመሪያ ነጣ ያለ ብረት ታየ፤ ቀጥሎ ዘንጉን ዙሪያውን የከበበ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ መስመር። ከሱ ጎን ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።

ማንም አልሳቀም። ጎማው ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና አውራ ጣቱን በመስመሩ ላይ አሳለፈ።

«የሱ እጅ ነው» አለ። «እንዲህ የሚበይድ ሌላ የለም።» ጣቱ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ያውቅ ነበር?»

መዋሸት ከባድ አልነበረም። «አላውቅም» ማለት ይበቃል። «ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል የበየደው» ቢባልም ያልፋል፤ የሞተ ሰው ቀርቦ አይመሰክርም። ከኋላዋ የቆመው ድምፅ «ለማንም» አላት፤ ለዚያውም እንደዚያን ቀን እሑድ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደመለመን።

እናቷ በሩ ላይ ቁልፎቹን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች።

ብሎን ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያውቅ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።»