ከገና በፊት የወረደ መብራት

ኑሃሚን ናትናኤልን ያወቀችው እየጮኸችበት ነው። ቀጠሯቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ እሱ ብቅ ያለው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ።

«በዚህ ብርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ውጪ አቆምከኝ!»

«መንገዱ በረዶ ነው። ትራኩ ሁለቴ ተንሸራተተብኝ። ልደውልልሽ ብል ደግሞ ኔትወርክ የለም።»

«ገጠር እኮ ነው! ሰው ቀደም ብሎ ይነሳል!»

ናትናኤል ጓንቱን አጠለቀና ቀና ብሎ ጣሪያውን ማጥናት ጀመረ። ይህ ይበልጥ አበገናት።

ቤቱ የአባቷ የአቶ አምባቸው ነው። አትላንታ አጠገብ ኢስት ፖይንት ተቀምጠው ሃያ ስድስት ዓመት የኤርፖርት አውቶቡስ ነዱ፤ ጡረታ ሲወጡ ከአትላንታ በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ገደማ ተነድቶ የሚደረስበት ተራራ ላይ፣ በፖም እርሻዎች መካከል ይህን ቤት ገዙ። ስኔልቪል ከተማ እኔ አጠገብ ኑር ብላ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ብታኮርፍ አልሰሟትም። «ዕድሜዬን የሰው ሻንጣ ስቆጥር ኖርኩ፤ አሁን ዛፍ ልቁጠር» አሏት።

በየዓመቱ ለገና የጣሪያውን ዙሪያ በአምፖል ያስጌጡታል። በበዓሉ ቀን የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸው ከከተማ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ከዋናው መንገድ ሲታጠፉ ቤቱን የሚለዩት በዚያ ጣሪያ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ከመሰላል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ በረዶ ላይ ተኝተዋል። ያቺ ሁለት ሰዓት ከኑሃሚን ሆድ አልወጣችም። ለዚህ ነው የበዓል መብራት የሚሰቅል ሰው ስታፈላልግ ዶራቪል ከተማ የሚሠራውን ናትናኤልን በስልክ ያገኘችው።

አቶ አምባቸው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «ይሄን ማን ጠራው?»

«እኔ።»

«በገዛ ጣሪያዬ? አምፖል መስቀል አቅቶኝ ነው ሰው የሚቀጠርልኝ?»

«አዎ፣ አቅቶሃል!»

አባትና ልጅ ተፋጠጡ። ናትናኤል የአምፖል ካርቶኑን በመካከላቸው አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔ ይሄን ቤት አላውቀውም። ከየት ይጀመር? እርስዎ ይዘዙኝ፣ እኔ እሰቅላለሁ።»

አቶ አምባቸው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱና ማዘዝ ጀመሩ፤ እስኪመሽም አላቆሙም። ያኛው ተጣሟል፣ ይሄኛው ተራርቋል፣ ቀዩን ከአሸንዳው አንሳው። የአራት ሰዓት ሥራ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ናትናኤል ወገቡን በገመድ ታስሮ «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ሲጨርስ አዛውንቱ «እጁ ክፉ አይደለም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

ከሳምንት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ናትናኤል ነው።

«የተቃጠለ አምፖል አለ ወይ ብዬ ነው።»

«የለም።»

«ጥሩ።»

«ለዚህ ነው በሥራ ሰዓት የምትደውለው?»

«አይ። እንድትቆጪኝ ነው።»

ሳታስበው ሳቀች። በመሳቋም ተናደደች።

ዓመቱን እንዲህ ገፉት። በየእሁዱ ዶራቪል አንድ የቬትናም ሾርባ ቤት ይቀመጣሉ፤ እሷ ስለ ሥራዋ ትበሳጫለች፣ ስለ መንገዱ ትበሳጫለች፣ እሱ ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ ያበሳጫታል። እሱ ደግሞ ዓይን ዓይኗን እያየ ይሰማታል። ኑሃሚን ትወደው ነበር። ግን አልነገረችውም። የወደደችው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከሆነ ከፍታ ላይ የሚወድቅባት ይመስላት ነበር።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። ናትናኤል በራሱ እጅ ጣሪያውን አስጌጠ፤ አቶ አምባቸውም እንደ ልማዳቸው ከታች ሆነው አዘዙት። ጃንዋሪ ሁለት ቀን ጠዋት አባቷ ደወሉላት።

«አውርደውት ሄዱ» አሉ።

«ምኑን?»

«መብራቱን ነዋ። የናትናኤል ሁለት ሠራተኞች መጡ፣ ኮንትራቱ እንዲህ ነው የሚለው አሉኝ፣ ጠቅልለው ሄዱ። ግድ የለም። ራሴ አደርገዋለሁ።»

ስልኩን ዘጉት። አልተቆጡም፤ አልተሳደቡም። ኑሃሚንን ክው ያደረጋት ይህ ነው። የመኪና ቁልፏን መንጭቃ ወጣች።

ስትደርስ አባቷ መሰላሉ ጫፍ ላይ ናቸው። ከዘራቸውን አሸንዳው ላይ አንጠልጥለው፣ የድሮውን የአምፖል ሽቦ በአንገታቸው ጠምጥመው፣ በአንድ እጃቸው የጣሪያውን ጠርዝ ይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸችም። መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ «አባዬ፣ ቀስ ብለህ ውረድ» አለች። እግራቸው መሬት ሲነካ ግን ጮኸችባቸው። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ናትናኤል ጋ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ አበሻ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ገና መቼ ነው?»

«ጃንዋሪ ሰቨን።»

«ዛሬስ ስንት ነው?»

ኮፍያውን አወለቀ።

«ስንት ነው አልኩህ!»

«ሁለት። ረሳሁት፣ ኑሂ። እሁድ በረዶ አለ ስላሉ የተራራውን ቤቶች በሙሉ ስኬጁሉ ላይ አስቀደምኳቸው። ሠራተኞቼ በረዶ ላይ እንዳይወጡ ብዬ። የእናንተንም ከሌሎቹ ጋር ጻፍኩት። ፈረንጆቹ እንደሆኑ አዲስ ዓመት ካለፈ አይፈልጉትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ከሌሎቹ ጋር! ዓመት ሙሉ የተመላለስክበት ቤት ከሌሎቹ ጋር!»

ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

«አሁን መልሰህ ስቀለው» አለችው።

«አልችልም።»

«ምን?»

«ቀና ብለሽ እዪው። ሠራተኞቼ ከወረዱ ወዲህ ውርጭ ተጋግሮበታል። ሠራተኛ አላወጣም፣ እኔም አልወጣም።»

«ፈሪ!»

«አዎ፣ እፈራለሁ። ከጣሪያ የወደቀ ሰው በእጄ አንስቼ አውቃለሁ። አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ ብወድቅ ደስ ይልሻል?»

ፊቷን አዞረችበት። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄደና የአባቷን መሰላል አንስቶ ትራኩ ላይ ጫነ። አቶ አምባቸው መስኮቱን ከፍተው ብቅ አሉ።

«ሌባ! መሰላሌን ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ጋሼ ይቅርታ። እዚህ ካደረ እርስዎ ይወጡበታል።»

«ሂድ!» አለች ኑሃሚን። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርስ!»

ሄደ። መሰላሉንም ይዞ ሄደ።

አባቷን ብቻቸውን መተው ስላልሆነላት እዚያው ሰነበተች። እሁድ እንደተባለው ቀዝቃዛ ዝናብ ወረደና የነካውን ሁሉ በረዶ አደረገው። ጣሪያው መስታወት መሰለ። ከሰዓት ላይ ከቤቱ ጥግ የቆመው የጥድ ዛፍ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ መሰላሉ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። ኑሃሚን በመስኮት አየችው። ናትናኤል ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ደግሞ ሌላ ንዴት ጨመረባት። ስልኳ ይጠራል፤ አታነሳም።

«አታነሺውም?» አሉ አባቷ።

«ሌባ ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ሌባ ነው።» ጉልበታቸውን አሹ። «የወደቅኩ ጊዜ ሆስፒታል የገባሽው እየጮኽሽብኝ ነው። እንደዚያ ስትጮኺ የሰማሁሽ በኔ ላይ ብቻ ነበር። እሱን እስካባረርሽበት ቀን ድረስ።»

ኑሃሚን ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበችው።

የገና ዕለት ፀሐይ ወጣ። የመንገዱ በረዶ መቅለጥ ጀመረ፤ ሹፌሮቹም ከሰዓት እንደርሳለን ብለው ደወሉ። ትንሽ ቆይቶ የትራክ ድምፅ ተሰማ። ናትናኤል ካርቶኖቹን አውርዶ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ አንስቶ በአጥሩ ላይ አምፖል መገጣጠም ጀመረ። ኑሃሚን ካፖርት እንኳን ሳትደርብ ወጣች።

«አትምጣ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ለአጥር መሰላል አያስፈልግም። ጋሼም መሬት ላይ ቆመው መግጠም ይችላሉ።»

አቶ አምባቸው ከኋላዋ ደረሱ። «አጥር የሚያበራ ማን አለ? ደግሞ መሰላሌስ?»

«ለእርስዎ አልመልሰውም፣ ጋሼ።»

«ለማን ልትሰጠው ነው?»

ናትናኤል እጁ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ ተመለከተ፤ ከዚያ ኑሃሚንን ተመለከተ። «ለልጅዎ ባል።»

«ልጄ ባል የላትም!»

«አውቃለሁ። እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አዛውንቱ ፊታቸው ቀላ። «ይሄ ነው አጠያየቅ? ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ሽቦ ጠቅልሎ ደጅ ይቆማል?»

«ልክ ነዎት። ጓደኞችዎ ሲደርሱ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ። እነሱ ይጠይቁልኝ።»

«የኔን ጓደኞች? በኔው ላይ?» በከዘራቸው መሬቱን መቱት። ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸውን ነከሱና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

ኑሃሚን ናትናኤልን አየችው። አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። ዓይኖቹ ግን አልሸሹም።

«ገናን የረሳ ሰው!» አለች።

«አልደግመውም።»

«ሳትጠይቀኝ የፈለግከውን የምታደርግ!»

«እጠይቃለሁ። አሁን ራሱ እየጠየቅኩሽ ነው።»

አጠገቧ አባቷ ባልዳነ ዳሌያቸው ቆመዋል። ፊት ለፊቷ ነገ የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ቆሟል። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ የሚቆምላቸው ሰዎች ሁለት ሊሆኑባት ነው። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ጋርም የለመደችው ቁጣ መጣባት።

«እሺ» አለች።

ናትናኤል ሽቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩህ እኮ!» ብላ ጮኸችበት።