ውኃ ያልጠጣው ቅጠል

«የሊፖቬትስ የድንጋይ ቅጠል ሰብሳቢዎች ማኅበር በዘንድሮው ዐውደ ርእይ ቋሊማው ያለ ሰናፍጭ እንደሚቀርብ ለተከበሩ አባላቱ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል።»

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት እውነተኛው ሐዘን መጣ። በድንጋይ ላይ ታትመው የቀሩ የጥንት ቅጠሎችን ዓይነት ለማኅበሩ የሚለየው ኦታካር በከሰል ማውጫው ጉድጓድ ግርጌ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። እጁ ውስጥ የቅጠል ቅርጽ የታተመበት የሸክላ ድንጋይ ነበር። የጉድጓዱ ጥበቃ ራዲም ኦታካርን «ደግመህ ከገባህ እወረውርሃለሁ» ሲለው ሰው ሰምቶት ስለነበር፣ ልጆቹ እያዩት በካቴና ታሰረ።

መርማሪ ቭላስታ ግን ዝናቡ ውስጥ ቆማ ድንጋዩን ታያለች። ጠብታው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። የማኅበሩን ሊቀመንበር፣ ጥርስ ሐኪሙን ቦርዢቮይን ጠርታ አሳየችው።

«ከዚያው ከጉድጓዱ ግድግዳ አሁን የወጣ ነው» አለ ሳያመነታ። «ምስኪን፣ ሲፈለቅቀው ያ ጥበቃ ገፍቶት ይሆናል።»

ቀጥላ ሌላዋን ሰብሳቢ ያርሚላን ቤቷ አገኘቻት። አልጋዋ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ ድንጋዮች ተደርድረዋል። እርጥቡ ሸክላ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሳምንታት በጋዜጣ ይቆያል። ከደረቀ በኋላ ቀጭን ሙጫ የሚቀቡት አሉ፤ እሷና ኦታካር ግን አይቀቡም።

«ቅጠል ነው እንጂ የሚወለወል ጫማ አይደለም» አለች። «ከማኅበራችን በሙጫ የሚወለውለው ቦርዢቮይ ብቻ ነው።» ኦታካር በዐውደ ርእዩ ላይ ሊናገር ያሰበውንም ነገረቻት፤ ሊቀመንበሩ በስሙ ሊያስጠራው የተዘጋጀው «አዲስ ተክል» ትል የበላው የወይን ቅጠል ነው።

በማግስቱ ቭላስታ ሁሉንም፣ ራዲምን ከነካቴናው፣ ዐውደ ርእዩ አዳራሽ ሰበሰበች። ድንጋዩ ላይ ውኃ አፈሰሰች። ውኃው ተንሸራተተ።

«አሁን የወጣ ሸክላ ውኃ ይጠጣል፤ እርጥብ ስለሆነም ሙጫ አይዝም» አለች። «ይህ ደርቆ የተቀባ ነው፤ ከሰብሳቢ መደርደሪያ ነው የመጣው። ራዲም መደርደሪያ የለውም። ያርሚላና ኦታካር ሙጫ አይነኩም። አደጋ ለማስመሰል ሟች እጅ ላይ የተቀመጠው የማን ነው?»

«እንዲለይልኝ ሰጥቼው ነበር» አለ ቦርዢቮይ።

«ታዲያ ዶክተር፣ በገዛ እጅዎ የቀቡትን ትናንት ለምን ‹አሁን የወጣ ነው› አሉኝ?»

ካቴናው ከራዲም እጅ ወልቆ ወደ ቦርዢቮይ ዞረ።

ያርሚላ ፊቱ ቆመች። «ኦታካር የልጅህ ክርስትና አባት ነበር። ትል ለበላው ለአንድ የወይን ቅጠል ብለህ ነው የገደልከው?»

«ቅጠሉ የወይን አይደለም» አለ ቦርዢቮይ። «በሌላው አልከራከርም።»